40 እና 20

ዳላስ አካባቢ ለወገኖቼ ፎርም ስሞላ ነው የምውለው። ባለፈው አንድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ወረቀቶቹን በፌስታል ቋጥሮ መጣ። ወታደር ያደረገው አማርኛው ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዜግነት የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋቸው ሲመለምል አማርኛም ከተፈላጊዎቹ አንዱ ነበር።

«እህቴ፣ ቬተራን ለመንጃ ፈቃድ አይከፍልም ሲሉ ሰማሁ» አለኝ።

ነገሩ እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ «ቬተራን» (የቀድሞ ወታደር) የሚለውን ቃል ካርዱ ላይ ለማስጻፍ እንኳ 5 ዶላር ትቀበላለች። ቴክሳስ ከክፍያ ነጻ የምታደርገው በክብር የተሰናበተ፣ በአገልግሎቱ ምክንያት ቢያንስ 60 በመቶ ጉዳት የተመዘገበለትና ለዚያም ካሳ የሚቀበል ከሆነ ነው።

የስንብት ወረቀቱን፣ ዲዲ-214 የሚሉትን፣ ገለጥኩት። አጭሩ ቅጂ! ሰው ሁሉ ይህን ነው ይዞ የሚመጣው፤ በምን ሁኔታ እንደተሰናበተ የሚናገረው ሳጥን 24 ግን እሱ ላይ የለም። ቤቱ ተመልሶ 4ኛውን ቅጂ ፈልጎ አመጣ። «በክብር» ይላል።

ከዚያ የጉዳቱ ደብዳቤ። ወገቡ 40፣ ጉልበቱ 20። ልጁ ፊቱ በራ፤ 60 ሞላ ማለት ነዋ! የቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ስሌት ግን እንዲህ አይደመርም። ከ100 ላይ ለወገቡ 40 ሲነሳ 60 ይቀራል። ጉልበቱ የሚታሰበው ከዚህ ከተረፈው ጤነኛ አካል ነው፤ ከ60ው 20 በመቶ 12። በጠቅላላው 52፣ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ 50። ደብዳቤው ራሱ ግርጌው ላይ 50 ይላል፤ እስከዚያ አላነበበም።

ካልኩሌተሬን ተቀብሎ ራሱ ደገመው። «ጉልበቴ እኮ ቅናሽ አድርጎ አያመኝም» አለ።

ምን ልበለው? ክፍያው ለ8 ዓመት 33 ዶላር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በክብር ለተሰናበተ ሁሉ ቢተውለት ይሻል ነበር፤ መቶኛ ስንቆጥር የምንፈጀው የእኔም የባለመስኮቷም ሰዓት ከ33 ዶላር ይበልጣል።

ከፈለ። «ቬተራን» የሚለውን ግን አስጻፈ፤ ለእሱ መቶኛ አይጠየቅም።

ካርዱ በፖስታ ሲደርሰው አድራሻውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ፎቶውን ላከልኝ። ከሥሩ «እህቴ፣ ጆሮዬም እኮ ይጮህብኛል፤ እሱስ ስንት ነው?» ብሎ ጽፏል።

ለጆሮ ጩኸት የሚሰጠው 10 ነው። ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ከ52ቱ ጋር ሲታሰብ 57 ይመጣል። ወደ 60 ይጠጋል።