የማኅተሙ ጠባቂ ሲሻር

በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን ለመወሰን የወጣው ትእዛዝ የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም መጠበቅንና ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ማሳተምን ለጽሕፈት ሚኒስትሩ ሰጠ። እንግዲህ የሌላው ሰው ሹመትና ሽረት የሚጻፈው በእርሱ ቤት ነበር። ጸሓፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ እስከ 1947 ዓ.ም. ቆዩ። ባላንጣዎቻቸው ግን ሥልጣናቸው ከልክ አለፈ እያሉ በንጉሡ ዘንድ ሲነግሩባቸው ከረሙና በዚያው ዓመት የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ተብለው ተላኩ። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ስለዚህ መልስም አልተጠየቁም። በወረቀት ሹመት ነው፤ ሽረት መሆኑን ግን ያላወቀ አልነበረም።

እርሳቸው ከመናገሻው ወደ ጠቅላይ ግዛት ሲወጡ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ከአሶሳ ወደ መናገሻው የመጡ ሹም የገጠማቸው ሌላ ነው። አቶ ያረጋል አይሸሹም የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ፕሬዚዳንት ከነበሩ በኋላ የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፤ ይህንንም ሹመት አጡ። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስለ ነበሩ ግን በሙስና ለመክሰስ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አነሣ፤ ፍርድ ቤትም ክሱን ሰምቶ ፈረደባቸው።

ልብ ብንለው፣ ምክር ቤቱ የተጠየቀው ስለ ክሱ እንጂ ስለ ሹመቱ አይደለም። ዳኛን ከሥራ ለማንሣት አንቀጽ 79 የዳኞች አስተዳደር ጉባኤን ውሳኔና የምክር ቤቱን ድምፅ ይጠይቃል። የፍትሕ ሚኒስትርን ለመሾምም የምክር ቤቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለመሻር ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ድምፅ አያዝም።