የቆየ ሞተር ብስክሌት መብራት ሕግ በሚፈቅደው ልክ እንዲበራ

በገጠር መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ ከብት፣ ጋሪና እግረኛ አብረው ይሄዳሉ። መብራቱ የደከመ ሞተር ብስክሌት በዚህ መንገድ ላይ ሁለት አደጋ አለበት፤ ነጂው የፊቱን አያይም፣ ከኋላ የሚመጣውም የጭነት መኪና ነጂውን አያየውም። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ደነገገ። ቦሎ ለማግኘት ሲሄዱ መብራትዎ ይታያል።

መብራት ምን ያህል ማብራት አለበት? በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ አየሩ ጥርት ባለበት ሌሊት ይህን ልክ ያስቀምጣል፦

አጭር መብራት 40 ሜትር፣ ረጅም መብራት 100 ሜትር ወደ ፊት ያሳያል። ቀዩ የኋላ መብራት ከ300 ሜትር ላይ ይታያል። የኋላ ታርጋ ከ20 ሜትር ላይ ይነበባል።

እነዚህን ርቀቶች በእርምጃ ለክተው፣ ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው በማታ ይፈትኑ።

መብራቱ ቢደክም ትልቅ አምፖል ለመግዛት አይቸኩሉ። በብዙ የቆዩ ሞተር ብስክሌቶች የመብራቱ ኃይል የሚመጣው ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ማግኔት ነው፤ ኃይሉም የተወሰነ ነው። ከልኩ በላይ ዋት ያለው አምፖል ቢገባ ይበልጥ ይደበዝዛል እንጂ አይደምቅም። በ6 ቮልት ሞተር ላይ የ12 ቮልት አምፖል ቢገጥሙ ቀላ ብሎ ብቻ ይቀራል፤ በ12 ቮልት ላይ የ6 ቮልት ቢገጥሙ ወዲያው ይቃጠላል። በቀጥታ ከማግኔቱ በሚበራ መብራት ላይ ተራ የኤል ኢ ዲ አምፖል ቢገባም ሊርገበገብና ሊበላሽ ይችላል።

የድካሙ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። ከ6 ቮልት ውስጥ 1 ቮልት በዛገ ማያያዣ ላይ ቢባክን፣ የአምፖሉ ብርሃን ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ገንዘብ ሳያወጡ አስቀድመው ይህን ይሥሩ፦

1ኛ/ ማሳውን፣ ማለት ከሻንሲው ጋር የታሰረውን ሽቦ ይፍቱ፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አጥብቀው ይሰሩት።

2ኛ/ የአምፖሉን መቀመጫና የሽቦ መጋጠሚያዎችን ሁሉ ያጽዱ። የተላጠ ሽቦ ቢያገኙ ይለውጡ።

3ኛ/ የመብራቱን መስታወት ከአቧራ ይጥረጉ። የኋላው ቀይ ሽፋን ተሰብሮ ቢሆን ይተኩት፤ ነጭ ብርሃን ወደ ኋላ ቢወጣ ከኋላ ያለው ነጂ ወደ እሱ የሚመጣ ተሽከርካሪ ይመስለዋል።

4ኛ/ ፍሬን ሲረግጡ የኋላው መብራት መድመቁን ያረጋግጡ።

5ኛ/ ሰው ተቀምጦበት መብራቱን ከግድግዳ 8 ሜትር ርቀው ያብሩ። የአጭሩ መብራት ዋና ብርሃን ግድግዳው ላይ ከፊት መብራቱ ቁመት ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከኋላ ጆንያ ሲጭኑ ፊቱ ቀና ስለሚል፣ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጭበረብራል፤ ጭነው ሲሄዱ ልኩን እንደገና ይዩ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። ኃይሉን የሚመጥን መቆጣጠሪያ በሌለው የቆየ ሞተር ላይ፣ የፊቱ አምፖል በጉዞ መካከል ቢቃጠል ለእሱ የነበረው ኃይል ወደ ኋላው አምፖል ይዞራል፤ ትንሹም አምፖል ወዲያው ይቃጠላል። ነጂው የፊቱ መጥፋቱን ያያል፤ የኋላው መጥፋቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ የፊቱ ሲጠፋ ቆመው የኋላውን ይመልከቱ፤ የሁለቱንም መለዋወጫ አምፖል በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። ኃይል የማይፈልገው ቀይ አንጸባራቂም ከኋላ ይኑር፤ አምፖሉ በጠፋበት ሰዓት ከኋላ ለሚመጣው መኪና የሚታይለት እሱ ብቻ ነው።

የልማት ሠራተኞችም በስብሰባ ቀን፣ ሰው ከመበተኑ በፊት፣ የመጡትን ሞተር ብስክሌቶች አሰልፈው መብራታቸውን ቢያስበሩ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ጉድለት ይገኛል። ያልበራለት ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ ይሂድ።