ቄስ የጻፈው፣ ርስት ያስቆጠረው

የልጄ ባል ስዊድናዊ ነው፤ የቫርምላንድ ሰው፣ ከኖርዌይ የሚዋሰነው፣ ጫካና ሐይቅ የሞላበት አገር ልጅ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን የዘር ሐረግ በሁለቱም ወገን ልሙላ ብሎ ተነሣ። የሱን ወገን እሱ፣ የእኛን እኔ። የካ አባዶ የምትኖር ጡረተኛ መምህርት ጊዜ አታጣምና እሺ አልኩ። ሰባት ቤት መቁጠር ምን ያቅታል ብዬ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ፤ በአባቴ በኩል አምስተኛው ላይ አለቀብኝ። አማቼ በዚያው ሰሞን በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1700ዎቹ ውስጥ ገብቶ፣ አንዲት ገረድ ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው ቤት እንደ ተቀጠረች ይተርክ ነበር።

«የገረድ ታሪክ ደግሞ ማን ጻፈ?» አልኳት ልጄን።

«ቄሱ ነዋ፣ እማዬ!»

በ1686 የወጣው የስዊድን የቤተ ክርስቲያን ሕግ የየደብሩ ቄስ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ሞትን እንዲመዘግብ አስገደደ። ከሁሉም የሚያስቀናኝ ግን የቤተሰብ መዝገቡ ነው። ቄሱ በየጊዜው ምእመናኑን ማንበብ መቻላቸውንና የሉተርን ትምህርት ማወቃቸውን ይፈትን ነበር፤ ውጤቱንም ለየቤቱ በተከፈለ ገጽ ላይ ያሰፍራል። አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሎሌውና ገረዷ አንድ ገጽ ላይ ይሰለፋሉ። የልደት ቀናቸው፣ የተወለዱበት ደብር፣ ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደ ሄዱ አብሮ ይጻፋል፤ አንዳንዱ ገጽ የፈንጣጣ ክትባት መውሰዳቸውን ሳይቀር ይናገራል።

አፈላለጉም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። ከቤተሰብ መዝገቡ የልደት ቀንና ደብር ይወሰዳል። የዚያ ደብር የጥምቀት መዝገብ ሲገለጥ አባትና እናት ይገኛሉ፤ የጥምቀቱ ምስክሮችም አሉ፣ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም አክስት ስለሆኑ የጠፋ ዘመድ የሚገኘው በነሱ ነው። ቀጥሎ የወላጆቹን ቤት ገጽ መፈለግ ነው። የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መዝገቦቹን ፎቶ አንሥቶ በኢንተርኔት በነጻ ስለለቀቃቸው አማቼ ከሳሎኑ መነሣት አላስፈለገውም። ያስቸገረው የድሮው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የቀን አቆጣጠሩም አልቀለለውም። ስዊድኖች በ1700 ከአሮጌው አቆጣጠር ወደ አዲሱ ቀስ ብለው ለመሻገር ጀምረው መሃል ላይ ተዉት፤ ወደ ነበሩበት ለመመለስ በ1712 ፌብሩዋሪን 30 ቀን አደረጉት። በ1753 ደግሞ ከፌብሩዋሪ 17 ወደ ማርች 1 ዘለሉ። ፌብሩዋሪ 30 የተወለደ አያት ቢገኝልን ደስ ባለኝ፤ አልተገኘም።

ያለ መዝገብ በስም ብቻ መከተል ሩቅ አያደርስም። የስዊድን ገበሬ ስም እንደኛው ነበርና። የኤሪክ ልጅ ላርስ፣ ላርስ ኤሪክሶን ይባላል፤ የላርስ ልጅ አንደርስ ግን አንደርስ ላርሾን ነው። የኤሪክ ሴት ልጅ ኤሪክስዶተር ትባላለች፤ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። በ1901 የወጣ ደንብ ነው ቤተሰብ ሁሉ የሚወራረሰው ቋሚ ስም እንዲይዝ ያዘዘው። ብዙዎች በእጃቸው የነበረውን የአባት ስም እንዳለ አጸኑት። ዛሬ አንደርሾን የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ አንደርስ አባቱ አይደለም፤ ምናልባት የቅድመ አያቱ አባት ነው።

በእኛም አገር ተሞክሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ ሕዝቡ ግን በአባትና በአያት ስሙ ቀጠለ። ሕጉ ያልቻለውን ፓስፖርት ቻለው። ልጄ ስዊድን ስትገባ የመጨረሻው ስሟ የቤተሰብ ስም ተባለና የልጅ ልጄ ወረሰችው። የባሌ አባት፣ በረዶ አይተው የማያውቁት የምንጃር ገበሬ፣ አንደርስ በ1901 የደረሰበት ደረሰባቸው።

የወታደር ስም ሌላ ጣጣ ነው። ንጉሥ ካርል 11ኛ በ1680ዎቹ ባቋቋመው ሥርዓት ጥቂት እርሻዎች ተባብረው አንድ ወታደር ያቆማሉ፤ ጎጆና ማሳም ይሰጡታል። በአንድ ጦር ውስጥ አንደርስ ላርሾን ሲበዛ አጭር የወታደር ስም ይወጣለታል፦ ራስክ ማለት ፈጣን፣ ሞዲግ ማለት ደፋር። እኛ ጋ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው የሚያሰኝ የፈረስ ስም የመሪዎች ነበር፤ እነሱ ጋ ተራው ወታደር ደረሰው። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ ስሙ ከጎጆው ጋር ለተተኪው መተላለፉ ነው። ከአማቼ አያቶች አንዱ ሞዲግ ነበር፤ ከሱ በፊት እዚያው ጎጆ የኖረው ሞዲግ ግን ዘመዱ አይደለም።

እኔ አምስተኛው ላይ ስቆም ደጀን ላሉት ለአባቴ ታናሽ ወንድም ደወልኩ። «ጋሼ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ» ብላቸው፣ «በየትኛው ርስት ልቁጠርልሽ?» አሉኝ።

ቀልዳቸው አልነበረም። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠየቀው ከመሬቱ ዋና አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ትውልዱ በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር የሴት አያትን ስም መርሳት መሬት ያሳጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ቆጠራ ሥራ ፈታ፤ አባቴም ለእኔ ማስተማሩን ተወው። ሰው የዘር ሐረጉን የሚይዘው አያቶቹን ስለሚወድ አይመስለኝም። የሚጠይቀው ስላለ ነው፤ እዚያ ቄስና ንጉሥ ጠየቁ፣ እዚህ ዳኛ።

ጋሼ በሁለት ርስት ቆጠሩልኝ። አንዱ ዘጠኝ ትውልድ ደረሰ፤ ከዘጠኙ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ቀን ግን የለም። «ጣሊያን ሲገባ የምታጠባ»፣ «በክፉ ቀን የሞተ» ነው የሚሉኝ። ክፉ ቀን ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ የተራበበት ዘመን ነው ብዬ ስነግረው፣ አማቼ ከዚያ ተነሥቶ ዓመቱን ማስላት ጀመረ።

መንግሥት ልደትና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ለእኛ የቀረው ሌላ ምስክር ብራና ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በደብር መጻሕፍት ባዶ ቦታ ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። ነገር ግን ደብር የሚያውቀው የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፤ ጋሼ ደግሞ ከሦስቱ ሴቶች የሁለቱን የክርስትና ስም አያውቁም። ብቸና ያሉ አንዲት መነኩሴ ዘመዳችን ያውቃሉ አሉ። አማቼ አብሬ ልምጣ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ መነኩሴዋ በሕይወት መኖራቸውን ላጣራ ብዬዋለሁ።