ትልቁ ሰው መጨረሻ ሲናገር

በጎንደር ቤተ መንግሥት ከባድ ጉዳይ ለፍርድ ሲቀርብ ሐሳብ የሚሰጠው ከታች ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ማዕረጋቸው ዝቅ ያለው ሹማምንት ይናገራሉ፤ ከዚያ ተራው በየደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፤ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሥርዓቱን በመጽሐፉ ገልጾታል። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ያደምጣል፤ ቃሉን የሚያሰማለትም «ቃለ ዓፄ» የተባለው ሹም ነው።

ታላቅ ባለበት ታናሽ አፉን አይከፍትም በሚባልበት አገር ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ አለቃ ከተናገረ በኋላ ተራው የሚደርሰው ሰው ጉዳዩን ትቶ የአለቃውን ፊት ያያል። በጥንቱ የአይሁድ ሸንጎም የነፍስ ጉዳይ ሲታይ ታናናሾቹ ይቀድሙ ነበር።

አለቃ በሌለበትም ቢሆን ሰው ወደ ብዙኃኑ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ አደረገ። ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድመው የተመካከሩ ነበሩ። እነሱ ሆን ብለው ሲሳሳቱ ምንም የማያውቀው ተፈታኝ ከመለሳቸው መልሶች ሲሶ ያህሉ ስሕተታቸውን ተከተሉ። ከተመካከሩት አንዱ እውነቱን ሲናገር ግን ተከታዩ በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ደፋር ብዙ ያድናል ማለት ነው።

የጎንደሩ ሥርዓትም ብቻውን አልበቃም። ብሩስ ሲደርስ ኃይሉ ሁሉ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር፤ ዓፄ ኢዮአስ በቀደመው ዓመት የተገደለው በእሱ ትእዛዝ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ታናሹ ሹም ቀድሞ ቢናገርም፣ ከችሎቱ ሲወጣ የሚጠብቀውን እያሰበ የሚናገር ይመስለኛል።

ዛሬ በዕድሩም በቀበሌውም የለመድነው ተቃራኒውን ነው። ሰብሳቢው አጀንዳውን ከነመፍትሔው ያቀርባል፣ «የሚቃወም አለ?» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይጻፋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ስላለው ይህ ልማድ ብዙ ያጎድላል። በአክሲዮን ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ስለሆነ የንግግር ተራ ሚዛኑን አይለውጥም፤ ትልቁ ባለድርሻ መጨረሻ ከተናገረ ግን ከመወሰኑ በፊት የማያውቀውን ይሰማል።

ሰብሳቢ ከሆኑ ሐሳብዎን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ አዲሱን አባል አስቀድመው ይጠይቁ። ሰው በሚፈራበት ጉዳይ ደግሞ እጅ አያስወጡ፤ ወረቀት ያድሉ።