የሰማው ገብቶታል? ያነበበውስ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን እንግሊዝኛ መመዘን

በኢትዮጵያ አንድ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ እንደ ሌሎቹ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ የልጁ የክፍል ውሎ በአብዛኛው ሁለት ሥራ ነው፦ መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚያስረዱትን መስማትና መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚለውን ማንበብ። በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣው ሪፖርት ካርድ ግን “እንግሊዝኛ 72” ብሎ ያልፋል። ያ 72 የተገኘው ከሰዋስው ጥያቄ ይሁን፣ በቃል ከተያዘ የቃላት ፍቺ ይሁን፣ ወይስ የእውነት አንብቦና ሰምቶ ከመረዳት፣ ወላጅ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ብዙ ጊዜ መምህሩም አያውቁትም።

ነገሩ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያልፋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አነጋግሮ ነበር። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል። የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነበር። የፊዚክስ ጥያቄ የሳተ ልጅ የከበደው ፊዚክሱ ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር? ነጥቡ ብቻውን ይህን አይለይም።

መለየት የሚፈልግ የፊዚክስ መምህር ቀላል ዘዴ አላቸው። ተማሪዎቹ የሳቷቸውን ጥቂት ጥያቄዎች ከሳምንት በኋላ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይረው፣ በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ መልሰው መጠየቅ ነው። በእንግሊዝኛ የሳተውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሠራ ልጅ ፊዚክሱ አልጎደለውም፤ የጎደለው ንባብ ነው። በሁለቱም የሳተው ደግሞ ሌላ እርዳታ ይፈልጋል።

ያልተፈተነ ነገር ይረሳል

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በየምዕራፉ የማዳመጥ ትምህርት አለው። መምህሩ ከመምሪያቸው ጽሑፉን ያነባሉ፣ ተማሪዎች ሰምተው ይመልሳሉ። ይህ ክፍል ግን ብዙ ቦታ በጥድፊያ ይታለፋል፤ ምክንያቱም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማዳመጥን አይጠይቅም። በፈተናው ውስጥ ንግግር ቢኖር እንኳ በወረቀት የተጻፈ ምልልስ ነው፤ ተማሪው ያነበዋል እንጂ አይሰማውም። ሚድ ሲደርስና ፖርሽን ሲቀር መጀመሪያ የሚዘለለው ማዳመጥ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ ከፈተናው በኩል ይዘውታል። ጃፓን በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ ላይ የእንግሊዝኛ ማዳመጥን የጨመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያኔ ለጽሑፉ ክፍል 200፣ ለማዳመጥ 50 ነጥብ ነበር የተሰጠው። በ2021 ፈተናው ሲለወጥ ማንበብ 100፣ ማዳመጥም 100 ሆኑ። በደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ ፈተና ከ45ቱ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች 17ቱ የማዳመጥ ናቸው። የማዳመጡ ክፍል በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት ገደማ ድምፅ እንዳይረብሽ አውሮፕላኖች ተነሥተው እንዳይበሩ፣ እንዳያርፉም ይደረጋል። በሁለቱም አገር ማዳመጥ ነጥብ የሚያዝበት ነገር ስለሆነ መምህርም ተማሪም ጊዜ ይሰጡታል።

የኛ ትምህርት ቤት ብሔራዊ ፈተናው እስኪለወጥ መጠበቅ የለበትም። ከፈተና ማዕከሉ የሚመጣ ወረቀት ሳያስፈልግ፣ በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ለማዳመጥ አሥር ነጥብ መያዝ ይቻላል። የሚቀረው በደንብ ማዘጋጀት ነው።

የማዳመጥ ጥያቄ ሲዘጋጅ

አንድ ናሙና እንይ። መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚያነቡት የመናኸሪያ ማስታወቂያ ነው እንበል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ “ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አውቶቡስ በዘጠኝ መነሣት ነበረበት። ጎማው ስለፈነዳ ግን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይነሣል። ትኬት የቆረጣችሁ መንገደኞች ከመናኸሪያው አትራቁ።” የመጀመሪያው ጥያቄ “አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ይነሣል?” የሚል ሲሆን ምርጫዎቹ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥርና አንድ ናቸው።

መልሱ አሥር ነው፤ ማስታወቂያው ውስጥ ግን “አሥር” የሚል ቃል የለም። ልጁ ዘጠኝን መስማት፣ መዘግየቱን መረዳት፣ ሁለቱን ማገናኘት አለበት። ዘጠኝ ያለው ተማሪ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዟል። አንድ ያለው መጨረሻ የሰማውን ቁጥር ይዟል። ስምንት ያለው መዘግየትን መቅደም አድርጎታል። በደንብ የተመረጠ የተሳሳተ ምርጫ ልጁ የት ላይ እንደወደቀ ለመምህሩ ይጠቁማል። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ግን ወረቀት ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። እንግሊዝኛው “ናይን ኦክሎክ” ሲል የኛ ሦስት ሰዓት ነው። ማስታወቂያው በፈረንጅ አቆጣጠር ተነብቦ ምርጫዎቹ በሀበሻ አቆጣጠር ከተጻፉ፣ የሚለካው ጆሮው መሆኑ ቀርቶ ሰዓት መቀየር መቻሉ ይሆናል። ማስታወቂያውም ምርጫውም በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ።

ሁለተኛው ጥያቄ “ለምን ዘገየ?” ቢል ዝርዝር ነገርን መስማት ይለካል። ሦስተኛው “ተናጋሪው መንገደኞቹ ምን እንዲያደርጉ ይፈልጋል?” ቢል ዓላማን መረዳት ይለካል። እነዚህ አንድ ዓይነት ችሎታ አይደሉም። “ፊፍቲን”ን ከ“ፊፍቲ” መለየት የሚያቅተው ልጅ አጠቃላዩን መልእክት ጥሩ አድርጎ ሊረዳ ይችላል። እያንዳንዱን ቃል የሚሰማ ልጅም ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሊጠፋው ይችላል።

አነባበቡም ከጥያቄው እኩል ይመዝናል። ቃል በቃል እየቆረጡ ማንበብ የቃል ጽሕፈት እንጂ ማዳመጥ አይደለም፤ በተፈጥሯዊ ፍጥነት፣ ሐረጉን ሳይሰብሩ ማንበብ ያስፈልጋል። ስንት ጊዜ ይነበብ ለሚለው አንድ ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። በአይኤልትስ ፈተና ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጃፓኑ ፈተና አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዱን አንድ ጊዜ ያሰማል። ለ9ኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ማንበብ ተገቢ ነው፤ ዋናው ነገር ለሁሉም ሴክሽን እኩል መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ጥያቄውን አስቀድመው እንዲያነቡ አንድ ደቂቃ ይሰጣቸው። አለዚያ የሚፈተነው የማስታወስ ችሎታቸው ይሆናል።

የላንጉጅ ላብ የለንም የሚል ትምህርት ቤት ስልክና ትንሽ ስፒከር ይበቃዋል። መምህሩ በስልካቸው አንድ ጊዜ ቀድተው ለሁሉም ሴክሽን ያንኑ ቢያሰሙ፣ ለኤ ሴክሽን ቀስ ብሎ ለዲ ሴክሽን ተጣድፎ የማንበብ ችግር ይቀራል። የሌላ መምህር ድምፅ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ልጁ የለመደውን የአንድ ሰው አነጋገር ብቻ ይረዳ እንደሆነ ይታወቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሳተላይቱ “ፕላዝማ” ትምህርት ሲጀመር ከተማሪዎች የተሰማው ትልቅ ቅሬታ የአነጋገሩ ቅላጼና ፍጥነት ነበር፤ የራሳቸው መምህር ሲያስረዱ የሚገባቸው ነገር ከስክሪኑ ሲመጣ ያመልጣቸው ነበር። ስፒከሩ ከኋላ ወንበር መሰማቱ አስቀድሞ ይሞከር። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ፈተናውን ለሌላ ቀን ማዛወር ነው።

እርማት ላይ ልጁ “ጎማ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል አጉድሎ ቢጽፈው በማዳመጥ ፈተና ነጥብ አይቀነስበት፤ ሰምቶታል። ፊደል አጻጻፍ ለብቻው ይፈተን።

የንባብ ጥያቄ ሲዘጋጅ

የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፦ “አንድ ቀጭን ብርጥፎ በወንዙ ዳር ሦስት ጥልማዎችን አገነጠፈ።” አሁን ይመልሱ። ጥልማዎቹን ያገነጠፈው ማነው? ስንት ጥልማ ተገነጠፈ? የት?

ሦስቱንም መልሰዋል፤ ከሦስት ሦስት አግኝተዋል። “ብርጥፎ”ም “ጥልማ”ም “አገነጠፈ”ም ግን ትርጉም የሌላቸው ፈጠራ ቃላት ናቸው። ብዙ የንባብ ፈተና የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ከምንባቡ የተቀዳ ከሆነ ተማሪው ቃሉን ከቃሉ አገጣጥሞ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጣል፤ ምንም ሳይገባው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መድኃኒቱ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ማቅረብ ነው። ምንባቡ “ገበሬው ዝናቡ ስለዘገየ ዘር አልዘራም” ካለ፣ “ገበሬው ምን ይጠብቅ ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ መምህር መረዳትን ለካ።

ሁለተኛው ወጥመድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምንባቡ ስለ ወባ ሆኖ ጥያቄው “ወባን የሚያስተላልፈው ምንድን ነው?” ቢል ምንባቡን ማንበብ አያስፈልግም። ትንኝ መሆኗን ልጁ ከባዮሎጂ ያውቃል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ጥያቄዎቹን ያለ ምንባቡ ለሌላ መምህር መስጠትና ስንቱን እንደሚመልሱ ማየት። ሳያነቡ የመለሱት ጥያቄ ይወጣል ወይም ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ዓይነቱን ማመጣጠን ነው። ጥሩ የንባብ ፈተና ቢያንስ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የምንባቡን ዋና ሐሳብ፣ አንድ የተወሰነ መረጃ ፈልጎ ማግኘትን፣ ያልተጻፈን ከተጻፈው መረዳትን፣ የማያውቁትን ቃል ፍቺ ከአካባቢው ቃላት መገመትን። በየትምህርት ቤቱ በብዛት የሚጠየቀው ሁለተኛው ነው፤ ለመጻፍም ለማረምም ይቀላልና። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሃያ ገጽ ሃንድአውት የሚሰጠው ልጅ በብርቱ የሚያስፈልገው ግን አንደኛውና ሦስተኛው ነው።

አንድ ረጅም ምንባብ ብቻ መስጠትም ያሳስታል። ምንባቡ ስለ እግር ኳስ ከሆነ ኳስ የሚከታተለው ልጅ ይጠቀማል፤ ስለ ሽመና ከሆነ ሌላው። ሦስት አጫጭር ምንባቦች በሦስት ርእስ ቢሰጡ ዕድሉ ይካካሳል። ፍጥነትም አብሮ ሊታይ ይችላል። 300 ቃላት ያለውን ምንባብ በሦስት ደቂቃ የጨረሰ ልጅ በደቂቃ 100 ቃል አንብቧል ማለት ነው። ጥያቄውንም ከመለሰ ንባቡ ንባብ ነው፤ ካልመለሰ ዓይኑ ብቻ ነው የሮጠው።

ከቁጥሩ ጀርባ

ፈተናው ከታረመ በኋላ ሁለት ስሌቶች ብዙ ይናገራሉ። የመጀመሪያው የግምት ነው። ባለ አራት ምርጫ 40 ጥያቄ በጭፍን ያጠቆረ ሰው በአማካይ 10 ያገኛል። ስለዚህ ከ40 12 ያመጣው ልጅ “ትንሽ ያውቃል” ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ምናልባት ምንም አላነበበም። ከእሱ ጋር አንድ አንቀጽ አብሮ አንብቦ በቃል መጠየቅ ከሌላ የምርጫ ፈተና ይሻላል።

ሁለተኛው የጥያቄውን የራሱን ጤንነት ማየት ነው። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ከፍተኛ ያመጡትን 20 እና ዝቅተኛ ያመጡትን 20 ለይቶ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሁለቱም ስንት ስንት እንደመለሱት መቁጠር። ከላይኞቹ 18፣ ከታችኞቹ 6 መልሰውት ከሆነ ጥያቄው ይለያል። ከላይኞቹ 9፣ ከታችኞቹ 11 ከመለሱት ግን ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው፤ ወይ ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው፣ ወይ መልሱ በስሕተት ተይዟል፣ ወይ አቀራረቡ ያምታታል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሁሉም ነጥብ ሰጥቶ ማውጣት ፍትሕ ነው።

ውጤቱም ሲነገር በአንድ ድምር ባይታጠፍ ይመረጣል። “እንግሊዝኛ 72” ከማለት “ማንበብ 31 ከ40፣ ማዳመጥ 9 ከ20” ብሎ መጻፍ ለመምህሩ የሚጨምረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ለወላጅ ግን የሚያደርገውን ያሳየዋል። ማዳመጡ ደካማ ለሆነ ልጅ ሌላ የሰዋስው ወርክሺት አይረዳውም፤ የሚረዳው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እንግሊዝኛ መስማትና የሰማውን በራሱ ቋንቋ መልሶ መናገር ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናትም ይህን መከታተል ይችላሉ፤ “ምን አለ?” ብለው ይጠይቁት። ልጁ ወሬውን መጀመሪያና መጨረሻ አስይዞ ከነገራቸው ገብቶታል። ንባቡ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከባዮሎጂ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ አንብቦ እንዲሁ ይንገራቸው።

ወላጅ ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤት ሲሄድም “ልጄ ስንተኛ ወጣ?” ከሚለው ጥያቄ ጋር ሁለት ይጨምር፦ በዚህ ሴሚስተር ማዳመጥ ተፈትኗል ወይ? የንባቡ ነጥብስ ለብቻው ስንት ነው? ጥያቄው ከብዙ ወላጆች ከመጣ ትምህርት ቤቱ መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል፤ መልስ ለማዘጋጀት ደግሞ ማዳመጥን ማስተማር ግድ ይሆንበታል።