ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ጉዳቱ ግን አያልቅም

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ያለው የዘነበወርቅ ሰፈር ያደገው በሥጋ ደዌ ሕክምና ዙሪያ ነው። ሆስፒታሉ በ1920ዎቹ ተከፈተ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የአለርት ማዕከል ተቋቋመ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡት ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው ሳይመለሱ እዚያው ጎጆ ቀለሱ። ዛሬ በሽታው ይድናል፤ ጥምር መድኃኒቱ እንደ ሕመሙ ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ተሕዋሲውን ያጠፋል። የሞተ ነርቭ ግን አይመልስም። የደነዘዘ እግር እሾህና ፍም አይለይም፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልዩ ጫማ ይፈልጋል፤ የታጠፈ ጣትም አካፋ አይጨብጥም። ስለ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ ለመነጋገር ከዚህ ሰፈር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ሕመሙ በወራት ይለካል፣ ጉዳቱ በዕድሜ ልክ። የመንግሥት ድጋፍ የተቀረጸው ግን በአጭሩ ልክ ነው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር 450 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር፤ 300 ሚሊዮኑ የዓለም ባንክ ብድር፣ ቀሪው የመንግሥት ድርሻ። ሊታቀፉ ከታሰቡት 604 ሺህ ሰዎች 84 በመቶዎቹ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶዎቹ ደግሞ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚሰጣቸው ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኩ ለተተኪው ፕሮጀክት 400 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ ከተሞቹም 83 እንዲሆኑ ታቀደ። በስሙ ላይም «ሥራ» የሚል ቃል ተጨመረ። መንገድ ጠርጎ፣ ቆጥቦ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ሥራ ለሚጀምር ሰው «ምረቃ» የሚባለው ነገር ትርጉም አለው። ጣቶቹ የታጠፉበት ሰው ግን ከምኑ ይመረቃል?

ፕሮጀክቱ ሰፍቷልና ቅሬታው ምንድን ነው የሚል አይጠፋም። መስፋቱ መልካም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ስፋት ዋስትና አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 714/2003 በአዋጅ 1267/2014 ሲተካ፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ ጡረታ የወጣ ሰው መብቱ ከአዋጅ ወደ አዋጅ ተሻገረለት። ተቀጥሮ የማያውቀው አካል ጉዳተኛ የሚሻገረው ግን ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት ነው፤ በልየታና በኮሚቴ ዓይን። አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ እሱም ቢሆን የሚያየው ምርጫው በትክክል መካሄዱን እንጂ ፕሮጀክቱ ለምን አለቀ የሚለውን አይደለም።

ሕግ ብቻውን ሽግግርን አያለሰልስም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የቀድሞውን የአካል ጉዳተኞች አበል በአዲስ ክፍያ ስትተካ ብዙ ሰው ተጉላልቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ግን ፍርድ ቤት በሥነ ልቦና ጭንቀት ምክንያት መንቀሳቀስ የሚቸገሩትን የሚጎዳውን የደንቡን ክፍል አድሏዊ ነው አለ፤ መንግሥትም 1.6 ሚሊዮን ገደማ መዝገቦችን ዳግም እንደሚመረምር በቀጣዩ ወር አስታወቀ። ተቀባዮቹ የሚሟገቱበት ሕግ ስለነበራቸው ነው።

«አቅም የለንም» የሚለው መልስ ክብደት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) ራሱ ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን እንክብካቤ ከአገሪቱ አቅም ጋር ያያይዘዋል። አቅም የገንዘቡን መጠን ሊወስን ይችላል፤ ተቀባዩ የሚከራከርበት ሕግ እንዳይኖረው ማድረግ ግን አይገባውም። ትንሽ ገንዘብ በሕግ ተጽፎ ቢሰጥ፣ ብዙ ሆኖ ከብድር ዘመን ጋር ከሚያልቀው እመርጣለሁ። ጥገኝነትን ያመጣል የሚለውንም አልቀበልም፤ ቀጥታ ድጋፍ የተለየው መሥራት ለማይችለው ነው፤ መሥራት የሚችለውን ደግሞ አዋጅ 568/2000 የሥራ ስምሪት መብቱን ያስከብርለታል። ይልቅ ጎዶሎው ሌላ ነው፤ መለኪያው የቤተሰቡ ድህነት በመሆኑ፣ ጉዳቱ በራሱ የሚያስወጣው የጫማ፣ የትራንስፖርትና የረዳት ወጪ የትም አይቆጠርም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች፤ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በ2007 ዓ.ም. ወጥቷል። የሚቀረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለግለሰቡ የተሰጠ፣ በጀቱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣ፣ ይግባኝ የሚባልበት የአካል ጉዳት አበል አዋጅ ማውጣት ነው። አዋጁ እስኪወጣ ድረስም የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና የአዲስ አበባ አስተዳደር አንድ መመሪያ ይጻፉ፦ አንዱ ፕሮጀክት በሌላው ሲተካ፣ የአዲሱ ክፍያ ገንዘብ በተቀባዩ የሂሳብ ደብተር ሳይገባ የማንም ስም ከአሮጌው መዝገብ አይሰረዝ።