በባሕር ማዶ የሚከበረው በዓልና የእኛ የአገር ቤት ቤተ ሰቦች ድርሻ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር ሲቀመጥ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ጥቂት ነው። ልብሱ ያረጃል፤ ስንቁም ያልቃል። ሳያልቅ የሚቈየው በልቡ ይዞት የሄደው ነው፤ ይኸውም ቋንቋው፣ ሃይማኖቱ፣ የቤቱ ሥርዓትና በዓሉ ነው። ይህም ቢሆን ጠብቆ ለልጅ የሚያወርሰው ሰው ካልተገኘ በአንድ ትውልድ ይደክማል፤ በሚቀጥለው ትውልድ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ፣ ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ወጥተው በታላላቅ የባሕር ማዶ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን በዓላቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ፣ በአገር ቤት የቀረነው ቤተ ሰቦችም በዚህ ነገር ምን ድርሻ እንዳለን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ነገሩን በቡና ምሳሌ ብንጀምረው ለዘጌ ጎረቤቶች እንግዳ አይሆንባቸውም። የቡና ተክል የጥንት አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑ የታወቀ ነው። ተክሉ ከዚህ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመንም በሆላንድ ነጋዴዎች እጅ ወደ እስያና ወደ ኤውሮፓ ሄደ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ክፍለ ዓለም ደረሰ። ወደ ብራዚል የገባው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1727 እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ከዓለም አገሮች ሁሉ አብልጣ ቡና የምታመርተው ብራዚል ናት። ተክሉ በሄደበት ምድር ሥር ሰድዶ አፍርቷል፤ ነገር ግን ከየት እንደ መጣ ሊናገር አይችልም። የሰው ልጅ ግን እንደ ተክል አይደለም፤ የመጣበትን ሊያውቅና ሊናገር ይችላል። ይህም የሚሆነው የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ነው።

ብራዚላውያንም ራሳቸው ዛሬ በብዙ አገር ተበትነው ይኖራሉ። በኒው ዮርክ ከተማ ሱቆቻቸውና ምግብ ቤቶቻቸው በ46ኛው መንገድ ተሰብስበው ስለ ነበሩ ከተማው ለስፍራው «ትንሿ ብራዚል» የሚል ስም ሰጥቶታል። የነጻነታቸው ቀን የሚውለው በእኛ የጳጉሜን ወር መግቢያ ላይ ነውና፣ በዚያ ሰሞን አደባባይ ወጥተው በዘፈንና በአገራቸው ምግብ ለብዙ ዓመታት ሲያከብሩ ኖረዋል። በልዩ ልዩ ሕዝብ በተሞላ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። አይሪሹም፣ ቻይናውም፣ ግሪኩም በዓመት አንድ ቀን ወደ አደባባይ ወጥቶ «እኛ እነማን እንደ ሆንን እዩ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ይህን የሚለው ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ አገር ለተወለደው ለገዛ ልጁ ጭምር ነው።

የእኛም ወገኖች እንዲሁ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ወደ ውጭ አገር የሚሄደው አብዛኛው ተማሪ ነበረ፤ ትምህርቱንም ሲፈጽም ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ብዙ ሰው በስደት ወጣ። ከጎንደር በኩል ብዙዎች መተማን አልፈው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ከዚያም አሜሪካ፣ ካናዳና ኤውሮፓ የተቀበሏቸው አሉ። ኋላም «ዲቪ» በሚባለው የቪዛ ዕጣ ወደ አሜሪካ የሄደው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ከባሕር ዳር ቤቶች ብዙዎቹ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አላቸው።

እነዚህ ወገኖቻችን በሄዱበት አገር እንዲሁ ተበትነው አልቀሩም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት ኢትዮጵያውያን ቍጥራቸው ከፍ ከማለቱ የተነሣ፣ ከተማይቱ በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ባለጉዳይን ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። በሎስ አንጀለስም የከተማው ምክር ቤት በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ ያለውን የኢትዮጵያውያን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል፤ ዘመን መለወጫ ሲደርስም በዚያው ጎዳና በዓል ይደረጋል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሕዝብ የሚሰበስበው ግን በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ያቋቋመው ዓመታዊ ጨዋታ ነው። ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በ1976 ዓ.ም. ነው። በወረርሽኝ ምክንያት ከተቋረጠበት ጊዜ በቀር በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ፣ ከተማ እየለዋወጠ፣ ከልዩ ልዩ ግዛት የመጡ የእግር ኳስ ቡድኖችን ያገናኛል። ስሙ ኳስ ይሁን እንጂ የሚሆነው ከኳስ ይበልጣል። ለብዙ ዓመታት የተለያየ አብሮ አደግ በዚያ ይገናኛል፤ ቡና ይፈላል፤ እንጀራ ይበላል፤ ልጆችም እነርሱን የሚመስሉ ብዙ ሺሕ ሰዎችን በአንድ ስፍራ ያያሉ። በትምህርት ቤታቸው ብቻቸውን ለሚሆኑ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአደባባዩ በዓል ይህን ይመስላል። የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ግን ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በአሜሪካ የተመሠረተችው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ አጥቢያዎች ተተክለዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በኪራይ አዳራሽ ወይም ከሌሎች በተገዛ ሕንፃ የተጀመሩ ናቸው። በአስተዳደር ምክንያት ለ26 ዓመታት ያህል ተለያይተው የነበሩት አባቶች በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ያወረዱትም በዚያው በዋሽንግተን ነው። በመለያየቱ ዘመን ከአንድ ቤት የወጡ ዘመዳሞች በዓልን በተለያየ አጥቢያ ያከብሩ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ የዚያ ዕርቅ ደስታ ምን ያህል እንደ ነበረ ያውቃል።

በጣና ዳር የሚኖር ሰው ጥምቀትን ሲያስብ የሚታየው ሰፊ ውኃ፣ የጥር ፀሐይና ነጭ የለበሰ ሕዝብ ነው። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳሉ፤ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት ያድራሉ፤ ንጋት ላይም ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ ግን ጥር ማለት በረዶ ነው። ጥር 11 ቀን በሥራ ቀን ሲውል አሠሪ ፈቃድ አይሰጥም፤ ትምህርት ቤትም አይዘጋም። ስለዚህ ብዙ አጥቢያዎች ሕዝቡን የሚሰበስቡበትን በዓል ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያደርጉታል፤ ውኃውም በገንዳ ተሞልቶ ይባረካል። ለመስቀል ደመራም ከከተማው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ተጠይቆ በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ላይ የሚተከልበት ቦታ አለ። በሥፍራ ማነስ የበዓሉ ክብር አልቀነሰም። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓልም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ደስታው የአገር ቤቱ ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ በበረዶ ላይ ቆሞ ለሚዘምረውም ጭምር ነበረ።

በየቤቱ የሚደክሙት እናቶች ድካም ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። ቀድሞ ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ እንጀራው በስንዴና በሌላ ዱቄት ይጋገር ነበር። ኋላ በአሜሪካ አይዳሆ በተባለው ግዛት ጤፍ እየተዘራ ለገበያ ስለ ቀረበ ነገሩ ቀለለ። ቢሆንም ክረምቱ ሲበረታ ሊጡ አልቦካ ይላል፤ ምጣዱም የኤሌክትሪክ ነው። ቡና ሲቈላና ዕጣን ሲጤስ በጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ይጮኻል፤ ልጆች መስኮት ሊከፍቱ ይሮጣሉ። በጾም ወራት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ምሳ ለብቻው አዘጋጅታ ትሰጠዋለች፤ ልጁም ለጓደኞቹ ሥጋና ወተት የማይበላበትን ምክንያት ሊያስረዳ ይገደዳል። ይህን ሁሉ እየሠሩ በዓልን ማክበር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምስጋናም ይገባዋል።

እንግዲህ ችግሩ ከወዴት ነው? ችግሩ ከቋንቋ ነው። በባሕር ማዶ የተወለደ ልጅ በዓሉን በዓይኑ ያየዋል፤ በጆሮው ግን አይሰማውም። ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ ያጨበጭባል፤ ድፎ ዳቦም ይቈርሳል። የሚዘመረው ምን እንደ ሆነ፣ ታቦት ለምን እንደሚወጣ፣ ደመራ ለምን እንደሚቃጠል ግን ቢጠየቅ አያውቅም። በዚያ ያሉት አጥቢያዎች ይህን ተመልክተው በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደልና መዝሙር ያስተምራሉ፤ ስብከቱንም በሁለት ቋንቋ የሚያደርጉ አሉ። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን የተማረውን ልጁ በስድስቱ ቀን ካልተናገረበት ይረሳዋል። ወላጆቹ ከሥራ ደክመው ሲገቡ በሚቀልለው ቋንቋ ያነጋግሩታልና።

የዚህ ጕዳት በሩቅ አገር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ይመጣል። አያት ስልኩን ይዘው «ልጄ፣ እንደምን ነህ?» ይላሉ። ልጁም «ደኅና» ብሎ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሚያልፍ ቃል የለውምና። አያትም መርቀው ስልኩን ለእናቱ ይመልሳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መጥቶ መጠየቅ ለብዙዎች አስቸጋሪ ሆኗል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ድልድይ ያች የጥቂት ደቂቃ ንግግር ብቻ ናት። እርስዋም በሰላምታና በገንዘብ ጥያቄ ካለቀች ዝምድናው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በአገር ቤት ያለን ሰዎች ድርሻችንን እንወቅ። በመጀመሪያ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ዘመዳችንን እንደ ገንዘብ ምንጭ ብቻ አንየው። ለበዓል በግ መግዣ የላከልንን ያህል እኛም የምንልክለት አለን፤ እርሱም ቃል ነው። በዓል ሲቃረብ ደውለን ልጆቹን እናስጠራ፤ በዝግታና በቀላል አማርኛ የዚያን በዓል ታሪክ እንንገራቸው። በአንድ ጊዜ ሁሉን አንንገር፤ ዛሬ ስለ ከተራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ደመራ ይሁን። የክርስትና ስማቸውንም ጠርተን ትርጓሜውን እናስረዳቸው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ አማርኛ ሲሳሳቱ አንሣቅባቸው። አንድ ጊዜ የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ቃሉን አቃንተን ደግመን ብንነግረውና የተናገረውን ብናመሰግንለት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሰላም ሆኖ ለመምጣት ሲችሉ ጊዜያቸውን በሆቴልና በሠርግ ቤት ብቻ አናሳልፍባቸው። በጀልባ ወደ ዘጌ እንውሰዳቸው፤ በመንገድም ከደንገል የተሠራውን ታንኳ እናሳያቸው። ከጫካው ቡና መካከል አልፈው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይግቡ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የጌታችን ልደትና ስቅለት፣ የእመቤታችን ተአምርና የቅዱሳን ገድል በሥዕል ተሥሎ ይገኛል። አባቶቻችን ይህን ያሠሩት መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ በዓይኑ እንዲማር ነው። ዛሬ አማርኛ ማንበብ የማይችለው የገዛ ልጃችን ሆኗልና፣ ያው ሥዕል ለእርሱም ያገለግላል። ሥዕሉን እያሳየን ብንነግረው አይረሳውም። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴንም ቢያይ መልካም ነው። የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈባት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ስለዚህ ሴቶች ልጆች ደርሰው ከጀልባው ላይ እንዳያዝኑ ሥርዓቱንና ምክንያቱን አስቀድመን በፍቅር እንንገራቸው።

በባሕር ማዶ ለምትኖሩና ይህ ጽሑፍ ለሚደርሳችሁ ወላጆችም የምንለው አለን። የአደባባዩን በዓል አትተዉ፤ ልጆቻችሁ ብቻቸውን እንዳልሆኑ የሚያዩበት ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የሚሰማው ከበሮ በየቀኑ በማዕድ ላይ የሚሰማውን ቋንቋ ሊተካ አይችልም። ከሥራ መልስ ድካም ቢኖርም ጸሎቱንና የእራቱን ጨዋታ በአማርኛ አድርጉት። ቡናው ሲፈላ ልጆቹ ከአጠገብ ይቀመጡ፤ ስለ አያታቸው ቤት፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሠፈሩ ንገሯቸው።

ከኢትዮጵያ የወጣው ቡና በብራዚል ምድር ብዙ አፍርቶ ሳለ የእናቱን አገር አያውቃትም፤ የነገረው የለምና። ልጆቻችን እንደዚያ እንዳይሆኑ በሁለቱም ዳር ያለን ሰዎች አፋችንን እንክፈት። የሚመጣው በዓል ሳያልፍ እያንዳንዱ ቤት ስልኩን አንሥቶ አንድ ልጅ ያስጠራ፤ አንድ ታሪክም ይንገረው። እግዚአብሔር የተበተነውን ይሰብስብ፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።